ዳገቱን ከመውጣትዎ በፊት ሆድዎ ይተንፍስ

አዲስ አበባ ላይ ጠጥተው ጨርሰው ክዳኑን ጠበቅ አድርገው የዘጉት የውሃ ፕላስቲክ ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ሲደርስ ተጨራምቶ ያገኙታል። ጅቡቲ የገዙት የብስኩት እሽግ ደግሞ አዋሽን አልፈው ወደ አዳማ ሲወጡ እንደ ፊኛ ይነፋል። ለሹፌር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዶራሌ ባሕር ጠርዝ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። በዚህ መንገድ የታፈነ አየር አዲስ አበባ ሲገባ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል።

አሁን ያ የታፈነ አየር ያለው ብስኩቱ እሽግ ውስጥ ሳይሆን ሆድዎ ውስጥ ነው እንበል።

ይህን የምጽፈው ዶራሌ ወደብ ላይ ጭነት ለሚጠብቁ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ለትራንዚተሮች፣ እዚያው ጅቡቲ ለሚኖሩ ወገኖችና አገር ቤት ሆኖ ስልክ ለሚደወልለት ቤተሰብ ነው። ጉዳዩ በትልቁ አንጀት ካንሰር የተዘጋ ሆድን ስቴንት በሚባል የሽቦ ቱቦ ስለ መክፈት ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነውና በማንኛውም ቀን በሺህ የሚቆጠር ወገን ከቤቱ ርቆ በዚያ ሙቀት ወረፋ ይጠብቃል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሆዱ ሲዘጋ የመጀመሪያ ሐሳቡ «አገሬ ልግባ» ነው። ሐሳቡ የሚገባኝ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው።

መዘጋቱን ማወቅ

ትልቁ አንጀት፣ ደንዳኔ የምንለው፣ በግራ በኩል ጠበብ ይላል። ሰገራውም እዚያ ሲደርስ ውሃው ተመጦ ጠጥሯል። ስለዚህ በግራ የበቀለ ዕጢ ቶሎ ይዘጋል። በቀኝ የበቀለው ግን ሰገራው ገና ቀጭን ስለሆነ ሳይዘጋ ቆይቶ፣ ደም ቀስ በቀስ እያፈሰሰ ሰውየውን ያገረጣዋል። ከትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ከአስሩ አንዱ ገደማ በሽታው እንዳለበት የሚያውቀው አንጀቱ ተዘግቶ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነው። በሽታው ደግሞ የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ወንዶች ላይ ቀዳሚውን ቦታ ከያዙት አንዱ የትልቁ አንጀት ካንሰር ነው።

ለሹፌር ይህን በሽታ የሚሸፍኑለት ሦስት ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ኪንታሮት ነው። ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደም ሲያይ «ኪንታሮቴ ተነሳ» ይላል፣ ጓደኞቹም ያጸድቁለታል። ሁለተኛው አሜባ ነው። ሆድ በጮኸ ቁጥር ከፋርማሲ የአሜባ መድኃኒት መግዛት ልማድ ሆኗል። ሦስተኛው ጫት ነው። ጫት ሆድ እንደሚያደርቅ ሁሉም ስለሚያውቅ ድርቀቱ ሁሉ በእሱ ይሳበባል። እነዚህ ሦስቱ ሐሰት ስላልሆኑ ነው የሚያታልሉት፤ ኪንታሮት ያለበት ሰው ካንሰርም ሊኖርበት ይችላል። ከ40 ዓመት በላይ ከሆኑ፣ የሰገራዎ ሁኔታ ከተለወጠና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ሰገራው እየቀጠነ ከመጣ፣ ደም ካዩበትና ቀበቶዎ ያለ ምክንያት ወደ ውስጠኛው ቀዳዳ ከገባ፣ ሆድዎ ከመዘጋቱ በፊት ኮሎኖስኮፒ የተባለውን፣ ትልቁን አንጀት በካሜራ የሚያይ ምርመራ ይጠይቁ።

ተዘግቷል የሚባለው መቼ ነው? ሰገራም ጋዝም ሳይወጣ አንድ ሙሉ ቀን ካለፈ፣ ሆድ ከተነፋና ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሐኪሙ «ጋዝ ይወጣል ወይ?» ሲል ፈስ ማለቱ ነው፤ ሳያፍሩ እውነቱን ይንገሩት፤ ከራጁ ያልተናነሰ መረጃ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳያዘናጋዎ፦ ማስመለስ አለመኖሩ አንጀት አልተዘጋም ማለት አይደለም። ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር አለ። በሩ በደንብ ከሠራ ከላይ የመጣው ይገባል፣ ተመልሶ አይወጣም፣ በታችም ዕጢው ዘግቶታል። በሁለት በኩል የተቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። ታማሚው አያስመልስም፣ ሆዱ ግን በየሰዓቱ ይወጠራል። የትልቁ አንጀት መጀመሪያ ስፋት ወደ 12 ሴንቲሜትር ከተጠጋ ሊፈነዳ ይችላል፤ ሐኪሞች በራጅና በሲቲ ስካን ላይ የሚለኩት ይህንን ነው።

ቁርጠቱ እየመጣ መሄዱን ትቶ ቋሚ ሕመም ከሆነ፣ ሆድ እንደ ጣውላ ከደረቀ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሲንቀሳቀሱ ወይም ሲያስሉ ሆድ የሚወጋ ከሆነ አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ የስቴንት ነገር ያበቃል፤ የቀዶ ሕክምና ሰዓት ነው።

እጅዎን የሚሰበስቡባቸው ነገሮች

የሚያስቀምጥ መድኃኒት አይውሰዱ። ከፋርማሲም ይሁን ኮሶ፣ የተዘጋ ቱቦን ከላይ መግፋት ያፈነዳዋል እንጂ አይከፍተውም። ጓደኛ በሳሙና ውሃ ከታች ሊያጥብዎ ቢል አይፍቀዱ። ዳይክሎፌናክ ተወግተው ወረፋዎን ይዘው መቀመጥም አይበጅም፤ ሕመሙን ሸፍኖ ሰዓቱን ይበላል። ምግብ ያቁሙ፣ ጥም ቢበረታ አፍዎን ያርጥቡ። መኪናዎን ለረዳትዎ ወይም ለትራንዚተርዎ አስረክበው ፓስፖርትዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉና ገንዘብ ይዘው ይሂዱ። ጭነቱ ባለቤት አለው፤ ሆድዎ ግን ከእርስዎ በቀር ባለቤት የለውም።

ጅቡቲ ሆስፒታል ሲገቡ

ዶራሌ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ ናት። ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ፔልቲዬ ከተማው ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ የሚሠሩት በፈረንሳይኛ ስለሆነ ጥቂት ቃላት ይያዙ። ድንገተኛ ክፍል «ዩርዣንስ» ነው። የተዘጋ አንጀት «ኦክሉዚዮን» ይባላል። ሲቲ ስካንን «ስካኔር» ይሉታል። ስቴንትን «ፕሮቴዝ» ወይም «ኢንዶፕሮቴዝ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ፕሮቴዝ ለሰው ሠራሽ ጥርስም ለእግርም የሚባል ቃል ስለሆነ ግራ አይጋቡ። የተጻፈው የሕክምና ሪፖርት «ኮንት ራንዲዩ» ነው፤ ሳይዙት አይውጡ። ሶማልኛ ወይም አፋርኛ የሚችል ጓደኛ ካለዎት ከነርሶቹ ጋር ለመግባባት ከፈረንሳይኛው በላይ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የሚደረግልዎ ሕክምና ቀላል ይመስላል፣ ግን ነፍስ የሚያድነው እሱ ነው። በደም ሥር ግሉኮስና ጨው ያለበት ፈሳሽ ይሰጥዎታል፤ በዶራሌ ሙቀት ብዙ ላብ አጥተው ስለሚሆን ሰውነትዎ ደርቋል። በአፍንጫ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ይራገፋል። ሽንት እንዲለካ ካቴተር ይገባል። ደም ይመረመራል፣ ከዚያ ሲቲ ስካን ይነሳል።

ሲቲ ስካኑን ችላ እንዳይሉት። በአገራችን ትልቁን አንጀት ከሚዘጉ ቀዳሚ ምክንያቶች አንዱ ካንሰር ሳይሆን የአንጀት መጠማዘዝ ነው። ረዘም ያለው የግራ አንጀት በራሱ ላይ ይዞራል። መጠማዘዙ አንጀቱን ገና ካልገደለው ሐኪሙ ከታች ቱቦ አስገብቶ አየሩን ሲያስወጣው ሆድ በደቂቃ ውስጥ ይሟሽሻል፤ ያ ሰው ስቴንት አያስፈልገውም። «ካንሰር ነው» ወይም «ተጠማዝዞ ነው» የሚለውን የሚለየው ሲቲ ስካኑ ነው። ካንሰር ከሆነም ቦታውን፣ ርዝመቱን፣ ወደ ጉበት መሰራጨቱንና አንጀቱ አለመበሳቱን ያሳያል። የስቴንት ውሳኔ ሁሉ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

መሄድ ወይስ እዚሁ መታከም

ስቴንት ለማስገባት አራት ነገሮች በአንድ ጣሪያ ሥር መገኘት አለባቸው፦ የተለማመደ የኢንዶስኮፒ ሐኪም፣ እየሠራ በቀጥታ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ፣ ልክዎን የሚመጥን ስቴንት፣ ነገሩ ቢበላሽ በዚያው ሰዓት ሆድ የሚከፍት የቀዶ ሐኪም። «ስቴንት ታስገባላችሁ ወይ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። «ሐኪሙ ዛሬ አለ? ስቴንቱ መጋዘን ውስጥ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ስቴንት የለም ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠየቁት እንደ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ያሉ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆስፒታሎች ናቸው። ቤተሰብ ሳይጓዝ በስልክ ማጣራት ያለበትም ይህንን ነው።

ዳገቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በሁለት በኩል የተቋጠረ፣ ወደ መፈንዳት የቀረበ አንጀት ይዘው በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርገው አዲስ አበባ ልውጣ ቢሉ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሜትር በወጡ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሰፋል። አውሮፕላንም ያው ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳሉ ሊያስቆጥር ይችላል፤ ልዩነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚያ መድረስዎ ነው። ለዚህ ነው አየር መንገዶች ሐኪም የፈረመበት ቅጽ ካልቀረበ እንዲህ ያለውን ታማሚ የማያሳፍሩት። የአፍንጫው ቱቦ ጨጓራንና ትንሹን አንጀት ያራግፋል፤ ያ ባለ አንድ አቅጣጫ በር ጠብቆ ከያዘ ግን ትልቁን አንጀት አያስተነፍሰውም። ስለዚህ «ቱቦ ገብቶልኛል፣ አሁን መንዳት ይቻላል» የሚለው ሒሳብ አይሠራም።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፦ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ትልቅ አንጀት ያለው ሰው ከባሕር ጠለል ሳይወጣ መተንፈስ አለበት። እዚያው ስቴንት ከተገኘ በስቴንት። ካልተገኘ በኮሎስቶሚ፣ ማለትም አንጀቱን ሆድ ላይ አውጥቶ ሰገራው በከረጢት እንዲወጣ በማድረግ። ይህንን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሆስፒታሎች ስቴንት ከሚያስገቡት እጅግ ይበዛሉ፤ ውድ ዕቃ አይጠይቅም። «ከረጢት ከሚንጠለጠልብኝ ልሙት» የሚል ሰው ሰምቼ አውቃለሁ። ከረጢቱ ግን ብዙ ጊዜ ጊዜያዊ ነው፣ ዕጢውም በኋላ በተረጋጋ ሁኔታ አዲስ አበባ ሊወጣ ይችላል።

በከፊል ብቻ ከተዘጋ፣ ጋዝ እያለፈ ከሆነና የሚከታተሉት ሐኪሞች ከፈቀዱ መጓዝ ይቻል ይሆናል። ያኔ በድወሌ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ አጭርም ዝቅተኛም ነው። ድሬዳዋ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ስለሆነ የታፈነው አየር የሚሰፋው በአንድ ሰባተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ድል ጮራ ሆስፒታልም እዚያው ነው። በጋላፊ በኩል ከሆነ መንገድ ላይ ሕመሙ ከባሰ እስከ አዋሽ አይታገሡ። ከሰመራ አጠገብ ያለውን ዱብቲ ሆስፒታል አስቀድመው ልብ ይበሉት። መሪ ላይ ግን አይቀመጡም፤ ተሳፋሪ ነዎት።

ስቴንቱ ለማን ነው?

ስቴንት ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተሸመነ ቱቦ ነው። ተጨምቆ ከሦስት ሚሊሜትር በትንሽ የሚወፍር ቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ይገባል፤ ሲለቀቅ በሰውነት ሙቀት ወደ ቀድሞ ቅርጹ ተመልሶ እስከ 24 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ይሰፋል። ለትልቁ አንጀት መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር፤ ታማሚን ለቀዶ ሕክምና ማሸጋገሪያ አድርጎ መጠቀም ደግሞ በ1994 ተከተለ።

ስቴንት ካንሰሩን አያድንም። ዕጢው ባለበት ይቀራል፤ መንገድ ብቻ ይከፈታል። ይህንን ቤተሰብ አስቀድሞ ካልተረዳው ሆድ በተሟሸሸ ማግሥት «ድኗል» ተብሎ ወደ ቤት ይወሰዳል፣ ከወራትም በኋላ ነገሩ ተበላሽቶ ይመለሳል።

ሁለት ዓይነት ታማሚ ይጠቀምበታል። አንዱ ካንሰሩ ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ አካል የተሰራጨበትና በቀዶ ሕክምና ማዳን የማይቻል ሰው ነው። ለእሱ ስቴንቱ ከትልቅ ቀዶ ሕክምና ይገላግለዋል፣ ቶሎ ከሆስፒታል ያስወጣዋል፣ የካንሰር መድኃኒቱን ኬሞንም ቶሎ ያስጀምረዋል። እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ሁለተኛው ካንሰሩ ያልተሰራጨና ሊድን የሚችል ሰው ነው። ለእሱ ስቴንቱ ድልድይ ነው፤ ሆዱ ይተነፍሳል፣ ደሙና ፈሳሹ ይስተካከላል፣ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ዕጢው ይወጣል። በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሌሊት ላይ ከመከፈት ይልቅ በቀጠሮ መከፈት ይሻላል፤ ከረጢት የመያዝ ዕድልም ይቀንሳል።

ለሁለተኛው ሰው ግን ሙያተኞች ለዓመታት ተከራክረዋል። ፍርሃቱ ስቴንቱ አንጀቱን ቢበሳው የካንሰር ሕዋስ ሆድ ውስጥ ይበተናል የሚል ነው። የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር በ2014 ስቴንትን ሊድን ለሚችል ሰው መደበኛ ሕክምና አድርጎ አልመከረም፤ እንደ አማራጭ የፈቀደው በዋናነት ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ለሆነ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ላለባቸው ነበር። በ2020 ባሻሻለው መመሪያ ግን ታማሚው ተነግሮትና ተመካክሮ የሚመርጠው አንድ አማራጭ አድርጎ ተቀበለው። በእንግሊዝ በብዙ ሆስፒታሎች የተካሄደው ክሬስት የተባለው ጥናትም ስቴንት የገባላቸው ሰዎች ከረጢት እንደቀነሰላቸው፣ በሦስት ዓመት ውስጥ የካንሰሩ መመለስ ግን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ሆኖም እነዚህ ውጤቶች ከተለማመዱ እጆች የተገኙ ናቸው። እርስዎ የ45 ዓመት ጤነኛ ሹፌር ከሆኑ፣ ካንሰሩ ካልተሰራጨና ጥሩ የቀዶ ሐኪም በቅርብ ካለ በቀጥታ ቀዶ ሕክምናውን መምረጥ ኋላ ቀርነት አይደለም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ከሚያስገባ ሰው እጅ ስቴንት ከመቀበል ይሻላል።

የማይገባላቸውም አሉ። አንጀቱ የተበሳ ወይም ሊበሳ ያለ ሰው አንዱ ነው። ዕጢው ከፊንጢጣ ከአምስት ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ ስቴንቱ የማያቋርጥ የመጸዳዳት ስሜትና ሰገራ ማምለጥ ያመጣል። ቤቫሲዙማብ የተባለውን የደም ሥር እድገት የሚገታ መድኃኒት እየወሰዱ ያሉ ወይም ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች የመበሳት አደጋቸው ከፍ ስለሚል አስቀድመው መናገር አለባቸው። ገና ላልተዘጋ አንጀት «ለጥንቃቄ» ብሎ ማስገባትም አይመከርም።

የሥራው ዕለት

የሚጠጣ ማጠቢያ ፈሳሽ አይሰጥዎትም፤ ቢሰጥዎት ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ለተዘጋ አንጀት አደገኛ ነው። ከታች ግን በነርስ እጅ ይታጠባሉ። በግራ ጎንዎ ይተኛሉ፤ በደም ሥር የሚያንገላጅ መድኃኒት ይሰጥዎታል፣ ሙሉ ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ሐኪሙ ካሜራ ያለውን ቱቦ እስከ ዕጢው ያስገባል፣ በጠባቧ ቀዳዳ ቀጭን መሪ ሽቦ ያሳልፋል፣ በራጅ የሚታይ ቀለም አስገብቶ የዕጢውን ርዝመት ይለካል። ስቴንቱ ከዕጢው በላይና በታች ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል እንዲያልፍ ተደርጎ ይመረጣል። በመሪው ሽቦ ላይ ተንሸራቶ ይገባና ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ጠባቡን መንገድ አስቀድሞ በፊኛ ማስፋት መበሳትን ስለሚያመጣ ጥሩ ሐኪም አያደርገውም። ሲለቀቅ ስቴንቱ ራጁ ላይ ወገቡ የታሰረ ሰው ይመስላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ወገቡ ይከፈታል።

የታፈነው ሰገራና ጋዝ አንዳንዴ እዚያው አልጋው ላይ በጎርፍ ይመጣል። የለመዱ ነርሶች አስቀድመው ዞር ይላሉ። አያፍሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲጠብቀው የነበረው እሱን ነው።

ከመውጣትዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የዕጢው ናሙና ተወስዷል ወይ? በማግሥቱ ራጅ ይነሳሉ ወይ? የስቴንቱ ዓይነትና ልክ የተጻፈበት ካርድ ወይም ወረቀት ተሰጥቶዎታል ወይ? ኤምአርአይ ለማንሳት ያንን ወረቀት ይጠይቃሉ።

የሚሳካውና የማይሳካው

እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ 54 ጥናቶችንና 1,198 ታማሚዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ስቴንቱን በቦታው ማስቀመጥ ከመቶ በ94፣ የሆዱ መከፈት ደግሞ በ91 እንደተሳካ ይነግረናል። አንጀት የተበሳባቸው 4 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ስቴንቱ ከቦታው የተንሸራተተባቸው 12 በመቶ፣ ተመልሶ የተዘጋባቸው 7 በመቶ ያህል። ተመልሶ ከተዘጋ ብዙ ጊዜ በውስጡ ሌላ ስቴንት ማስገባት ይቻላል። ከተንሸራተተ በፊንጢጣ ሊወጣ ይችላል፤ ሽንት ቤት ውስጥ የሽቦ ቅርጫት ያየ ሰው እንዳይደነግጥ። ሐኪሙ ጋ ይሂድ፣ የሽቦ ቅርጫቱንም ይያዘው።

ትኩሳት፣ የማያቋርጥ የሆድ ሕመም፣ ብዙ ደም ወይም እንደገና የሆድ መነፋት ከመጣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

አመጋገብ፣ በተለይ ለጾመኛና ለቃሚ

ስቴንቱ ሽቦ ነው፤ ረጅም ቃጫ ያለው ምግብ ይጠመጠምበታል። ስለዚህ ጎመን፣ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፈንድሻ፣ በቆሎ፣ የብርቱካን ገለባ፣ ጥሬ ቃሪያና ያልታኘከ ጥሬ ሥጋ ይቅሩ። ጫት ፈጽሞ ይቅር፤ ሆድ ያደርቃል፣ የተዋጠው ቅጠልም ሽቦው ላይ ይያዛል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ነጭ ዳቦ፣ ልጣጩ የተነሳ ድንች፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ የበሰለ ሙዝ፣ የተጣራ ሾርባና አጥሚት ጥሩ ናቸው። ጅቡቲ እያሉ ሩዝና ዓሣ በየሠፈሩ ስለሚገኙ ከአዲስ አበባ ይልቅ እዚያ ይቀልዎታል። ለስላሳ ሽሮ በመጠኑ ይሞከራል።

ጾም ላይ ከሆኑ ከነፍስ አባትዎ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። የጾም ገበታችን ጎመንና ባቄላ ስለሆነ ለዚህ ሽቦ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ሕመምተኛን መፍታት ደግሞ ለነፍስ አባት አዲስ አይደለም። ሙስሊም ከሆኑም ረመዳን ላይ የሚያስጨንቀው ውሃው ነው። ሰገራው እንዳይጠጥር ውሃ መጠጣትና ሐኪሙ የሚያዝልዎትን ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ላክቱሎስ፣ በየቀኑ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሥራውና ወረቀቱ

ማንገላጃው ስላለ በዚያ ቀንና ሌሊት መኪና አይነዱ። ከዚያ በኋላም ቀዶ ሕክምናው ሳይሠራ በጋላፊ በረሃ ብቻዎን ተሳቢ ይዘው እንዲወጡ አልመክርም፤ ሆድ ቢዘጋ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ስንት ሰዓት እንደሚርቅ እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

ለአሠሪዎ በማግሥቱ ያሳውቁ፤ መልእክቱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። ለዚህ የሕክምና ማስረጃ ይጠየቃል፤ የጅቡቲውን «ኮንት ራንዲዩ» ያስያዝኩዎት ለሐኪሙ ብቻ አይደለም። የሲቲ ስካኑን ሲዲም ይቀበሉ፤ አዲስ አበባ ላይ እንደገና ከመክፈል ያድንዎታል።

ስቴንቱ የገባልዎ ለድልድይነት ከሆነ የቀዶ ሕክምናው ቀን በወረቀት ላይ ሳይጻፍ ከሆስፒታል አይውጡ። «ሲሻልዎ ይመጣሉ» የሚል ቀጠሮ ቀጠሮ አይደለም። ይሻልዎታልና አይመጡም።

አንድ ስልክ ይቀራል፤ እሱም ለወንድሞችዎ፣ ለእህቶችዎና ለልጆችዎ ነው። የቅርብ ዘመድ በዚህ ካንሰር ከታመመ ኮሎኖስኮፒ የሚጀመረው በ40 ዓመት ወይም ዘመዱ ከታወቀበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው፣ ከሁለቱ በቀደመው። እርስዎ በ45 ከታወቀብዎ ወንድምዎ በ35 ይታያል። 35 ካለፈው ደግሞ በዚህ ወር።